ጋሽ ቆይ እስኪ እና ውሃ የምትጠጣው መኪና

በዓለም ላይ ያለው መካኒክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰላምታ ሳይሰጥ ሞተር ያወርዳል። ሁለተኛው ሞተሩ ራሱ ቢለምነው እንኳ መፍቻ አያነሣም። የእኛው ሰው፣ ክቡር ሊቀ ራዲያተር፣ የሁለተኞቹ አለቃ ናቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ደንበኛ አላጋጠመኝም፤ ሁላችንም «ጋሽ ቆይ እስኪ» እንላቸዋለን። «ምን ሆኖ ነው?» ቆይ እስኪ። «መቼ ይደርሳል?» ቆይ እስኪ። አንዱ «እንደምን አደሩ?» ቢላቸው «ቆይ እስኪ» ብለው ሲያስቡ ቆሙ ይባላል።

እኔና ታላቅ ወንድሜ አንዲት አሮጌ የናፍጣ የጭነት መኪና አለችን። ባለፈው ዓመት ውሃ መጠጣት ጀመረች። ዛሬ የሞላሁት ራዲያተር ነገ ጎድሎ ይገኛል፤ የምታድርበት አሸዋማ ግቢ ላይ ግን አንድ ጠብታ አይታይም። ሦስት መካኒኮች አይተው «የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ሄዷል፤ ይከፈት» ብለው ፈረዱ። ወንድሜም የራሱን ፍርድ ጨመረበት፦ «ከተከፈተችማ ትሸጣለች። በቃኝ።» እሱ ልጆቹ ደርሰውለታል። እኔ ከመሪዋ ሌላ የምይዘው የለኝም። ጸለይኩና ወደ ጋሽ ቆይ እስኪ ነዳኋት። ወንድሜም አብሮኝ መጣ።

«ውሃ ትጠጣለች» አልኳቸው፤ የሦስቱን መካኒኮች ፍርድም ነገርኳቸው።

«መኪና አይጠማትም። ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ትደብቃለች።»

የዘይቱን መለኪያ መዝዘው አዩ፤ ውሃ ገብቶበት ወተት የመሰለ ነገር የለበትም። ጭሷን አዩ፤ ነጭ አይደለም። ወንድሜ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ጋሼ፣ ይክፈቱትና እንገላገል።»

«ቆይ እስኪ። ሰው ራሱን ባመመው ቁጥር ጭንቅላቱ ይከፈታል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሦስቱ ሲያዩዋት ሞተሯ እንዴት ነበር?»

«ትኩስ ነዋ። እየነዳሁ አይደል የሄድኩት።»

«እንግዲያው ቀዝቅዛ ትታይ። እዚሁ ትደር።»

በእጄ የነበረውን ጋዜጣ ተቀብለው ከሞተሩ ሥር አነጠፉት። እኔ ጋዜጣ በፊደሉ አነባለሁ፤ እሳቸው በጠብታው።

በማግስቱ ጠዋት «ዝናብ አይጠበቅም» ከሚለው ዜና ላይ አረንጓዴ የራዲያተር ውሃ ጠብታዎች ወድቀው አገኘን። ከበላዩ ያለው የጎማ ቱቦ ማሰሪያው ላልቷል፤ ሲቀዘቅዝ ያፈሳል፣ ሲሞቅ ጎማው አብጦ ይደፈናል። ለካ ውሃውን ስትጠጣ የከረመችው መኪናዋ ሳትሆን የግቢያችን አሸዋ ኖሯል። ጋሼ ሁለት ዙር አጠበቁት። አለቀ። «ተመስገን» ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ማሰሪያውን አየሁት። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ከመጽሐፍ አንብቤ ከሦስት ወር በፊት በገዛ እጄ የቀየርኩት ነው። «ተነድቶ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጥበቅ» የሚለውን ገጽ ዘልዬዋለሁ።

ወንድሜ ጎንበስ አለ። «ምን ነበር?»

ጋሽ ቆይ እስኪ ግሪስ በነካው አውራ ጣታቸው ማሰሪያውን ዳበስ አደረጉት። ጠቆረ።

«እርጅና ነው» አሉ።

«ኧረ እንዲያውም…» ብዬ አፌን ስከፍት፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ቆይ እስኪ» አሉኝ።

ይኸው ስቆይ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው፣ እርጅና አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። ከመቆጣትህ በፊት ግን ቆይ እስኪ።