ማኅበር ልንመሠርት ገብተን ለቅሶ ተቀመጥን

መርካቶ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሱቁን የዘጋ ሰው ወይ ሞቶበታል ወይ ሞቷል። ሦስተኛ ምክንያት የለም። አመመኝ ብትሉ ጎረቤት ይሸጥላችኋል፤ ልጄን ልድር ነው ብትሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሸጣችሁ ትድሯት ነበር። እዚያው ተወልጄ ያደግሁት እኔ ይህን እንዴት እንደዘነጋሁት… እሱን አትጠይቁኝ።

አንዋር መስጊድ ሰፈር መጋረጃ እሸጣለሁ። ሴት ነኝ፤ የማፈቅራትም ሴት ናት። ገበያው ይህን አያውቅም። ገበያው የሚያውቀኝ "ባል የጠፋባት መጋረጃ ሻጭ" ብሎ ነው። እንደኔ ያሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ወንድ የሚወዱ ወንዶች፣ ሴት የሚወዱ ሴቶች፣ እርስ በርሳችን "ዜጋ" የምንባባል። ስንት ዓመት በየካፌው ጥግ ስንንሾካሾክ ከርመን አንድ ቀን "ለምን ማኅበር አናቋቁምም?" ተባለ። ሕጉ እንደማይፈቅድልን ታውቃላችሁ። ሰው ቢሰማ እኔ ሱቄን፣ ሌላው ሥራውን፣ ሁላችንም ምናልባት ነፃነታችንን እናጣለን። ስለዚህ "የጥንቃቄውን ነገር ለእኔ ተዉት" አልኩ። ተዉልኝ።

"ማክሰኞ ከሰዓት፣ ገበያው ሲጦፍ፣ ማን ማንን ያያል?" ብዬ ሱቄን ለስብሰባ ሰጠሁ። መመሪያም አወጣሁ… አንድ በአንድ ኑ፣ ደማቅ ነገር እንዳትለብሱ፣ ከማንም ጋር ዓይን ለዓይን እንዳትገጣጠሙ፣ ሳቅ የለም። የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ አወረድኩት። እነሱም ቃሌን አክብረው ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ሠርግ ሲጠራ ሙሽራውን የሚያስንቀው ቢኒያም እንኳ የአባቱን ጥቁር ካፖርት ደርቦ መጥቷል።

ስብሰባው ጥሩ ተጀመረ። እኛ አገር ማኅበሩ ሳይወለድ ሊቀመንበሩ ይወለዳል። ሊቀመንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ተቆጣጣሪ… ከሰባታችን አምስቱ ሥልጣን ስንይዝ ሁለት ሰው ሕዝብ ሆኖ ቀረ። ከሕዝቡ አንዱ ዳዊት የሚባል ዝምተኛ ልጅ ነው። እጁን አወጣና "ግን ማኅበሩ ምን ሊሠራ ነው?" ብሎ ጠየቀ። አመራሩ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ሥልጠና አለ፣ አንዷ ግንዛቤ፣ ቢኒያም ሽርሽር።

በዚህ ስንነታረክ ጎረቤቴ ጋሼ ከድር ከመዝጊያው ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ። ጋሼ ከድር ከወሎ መጥተው በቅመም ንግድ ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ጥቁር ለብሰው ያቀረቀሩትን እንግዶቼን አንድ በአንድ አዩ።

"ልጄ፣ ማን ነው?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ምኑ፣ ጋሼ?"

"የሞተው።"

እስቲ እኔን ሁናችሁ አስቡት። ማንም አልሞተም ብላቸው፣ ታዲያ በር ዘግታችሁ ምን ታደርጋላችሁ ሊሉ ነው። ስብሰባ ነው ብላቸው፣ የምን ስብሰባ ይመጣል። ሊቀመንበሩን አየሁት፤ እሱ ምክትሉን አየ፤ ምክትሉ ጣሪያውን። ስንት ዘመን የደበቅነው ነገር በአንድ ጥያቄ ሊፈርስ ሲል ዳዊት ቀና አለ።

"የኔ ሐዘን ነው፣ ጋሼ። ሚካኤል ይባላል።"

ውሸት አልነበረም። ሚካኤል የሞተው ባለፈው ዓመት ነው። እሱና ዳዊት አንድ ቤት ኖረዋል፣ ተፋቅረው። ሲሞት ቤተሰቦቹ ድንኳን ጣሉ፤ ዳዊት የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። የሟች ወንድም መጥቶ "አንተ የማን ነህ?" ሲለው "የሥራ ባልደረባ" ብሎ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላለቀሰም። እኛም ባገኘነው ቁጥር ስለ ኳስ ነበር የምናወራው፤ ምን እንደሚባል አላወቅንበትም።

"ምንህ ነበር?" አሉት ጋሼ ከድር።

"አብረን ነበር የምንኖረው።"

"ስንት ዓመት?"

"ስድስት።"

"ታዲያ ቤተሰብህ ነዋ፣ ልጄ። አላህ ያጽናህ" ብለው አጠገቡ ቁጭ አሉ። ዳዊት አለቀሰ። የዓመቱን ሁሉ አለቀሰ። እኛም ተከተልን፣ ተቆጣጣሪው ቢኒያም ሳይቀር።

ብዙም ሳይቆይ የመጋረጃ ተራ ሰው በሙሉ ሱቄ ውስጥ ነበር። አግዳሚ መጣ፣ ምንጣፍ መጣ፣ ንፍሮ መጣ… ንፍሮውን በዚያ ፍጥነት ማን እንደቀቀለው እስካሁን አልገባኝም። ፊት ለፊቴ ክር የሚሸጡት እትዬ ዙሪያሽ ደግሞ በአልቃሽነት ስመ ጥር ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ዳዊት ፊት ቆሙ። ሙሾ እንዲሁ አይወርድም፤ መረጃ ይፈልጋል።

"ቁመናውስ? ሎጋ ነበር?"

"አጭር ነበር" አለ ዳዊት እየተንሰቀሰቀ።

እትዬ ዙሪያሽ ትንሽ ቅር አላቸው። "ፀባዩስ? መቼም ሳቂታ ነበር።"

"አኩራፊ ነበር፣ እትዬ። ቡድኑ ከተሸነፈ ሳምንት አያናግረኝም።"

"ደግነቱስ፣ የኔ ልጅ?"

"ብርድ ልብሱን ለእኔ ሰጥቶ እሱ ሲንቀጠቀጥ ያድር ነበር።"

"እሱን በለኝ እንጂ" አሉና ጀመሩ። ስለ አጭሩ፣ ስለ አኩራፊው፣ ብርድ ልብሱን ስለሰጠው ሚካኤል እንዲህ ያለ ሙሾ ወረደ… ዳዊትን በእንባው መሀል ሲስቅ አየሁት። በዓመቱ መሳቁ ነው።

ለቅሶ በሦስተኛው ቀን ነውና የሚነሳው ሦስት ቀን ተቀመጥን። በመጨረሻው ቀን ጋሼ ከድር ምንጣፉን እየጠቀለሉ "እናንተ ልጆች እድር አላችሁ?" አሉኝ።

"የለንም፣ ጋሼ። እንዲያው ልናቋቁም… እያሰብን ነው።"

"እስካሁን ምን ትጠብቃላችሁ? እንዲህ የሚተዛዘን ሰው ሳይደራጅ ይቀራል?" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስትጀምሩ እኔንም መዝግቡኝ።"

እሳቸው እንደወጡ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። የማኅበራችን የመጀመሪያ አመልካች ሰላት የማያጎድሉ፣ የስድስት ልጆች አባት ሆነው ተገኙ። ጸሐፊያችን "መስፈርቱን አያሟሉም" አለች። ቢኒያም "ምን ዓይነት ማኅበር እንደሆነ ቢያውቁ እኮ…" ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። ቢያውቁ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ለመጠየቅም ድፍረቱ የለኝም።

ዳዊት ዓይኑ አብጦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። "ማኅበሩ ምን ሊሠራ ነው ብዬ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም" አለ። "አሁን ለራሴ መለስኩት። ለሚካኤል ያለቀሰ ሰው ሁሉ አባል ነው።"

በሙሉ ድምፅ አለፈ።

በማግስቱ ሱቄን ልከፍት ስመጣ እትዬ ዙሪያሽ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በሬ ላይ ይጠብቁኛል።

"ከድር ማኅበራችሁ ገባ አሉ" አሉኝ። "እሱ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ከማለት በቀር ምን አደረገ? ድምፅ የተዘጋው የኔ።"

 ድምፃቸው እውነትም ተዘግቶ ነበር። መዘገብኳቸው።