ሊቀ ሊቃውንት ይሕደጎ ዘቫልዶራ

አዲስ አበባ ኖሮ እንዲህ ያለ ሰው ያልገጠመው የለም። አንዱ ስለ መኪና ሞተር ያወራል፣ ሌላው ስለ እግር ኳስ፤ ወሬው ይለያይ እንጂ ሰውየው አንድ ነው። ሳትጠይቀው ይመልሳል፤ መልሱን ሳይጨርስ ማነጻጸር ይጀምራል፤ ንጽጽሩን የሚከፍተውም «አየህ፣ መጀመሪያ መረዳት ያለብህ ነገር» ብሎ ነው። ለሄሊና የደረሳት ይሕደጎ ነበር።

ይሕደጎ የባሏ የኡርጌሳ የተማሪነት ዘመን ጓደኛ ነው። ቦሌ ሚካኤል ፋርማሲ ከፍቷል፤ እንጀራው ከመድኃኒት ይገኝ እንጂ ሙያው ቫልዶራ ነው። ቫልዶራ ጠንቋይ፣ ዘንዶና ባለ ሰይፍ ጀግና የሞላበት የቪዲዮ ጌም ሲሆን እስካሁን አምስት ክፍል ወጥቶለታል። በአምስቱም መጨረሻ ላይ የሚሞተው ዘንዶ ነው። የሚለያየው አገዳደሉ ነው፤ ይሕደጎን እንቅልፍ የሚነሳውም ይኸው አገዳደል ነው። ሄሊና በሆዷ «ሊቀ ሊቃውንት ይሕደጎ ዘቫልዶራ ወአድያሚሃ» የሚል ማዕረግ ሰጥታዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሊተ ምሕረት እነሱ ቤት ይመጣል። ጫማውን እያወለቀ ይጀምራል።

«አየሽ ሄሊና፣ መጀመሪያ መረዳት ያለብሽ ነገር፣ አንደኛው ላይ ውጊያው በተራ ነው። አንቺ ትመቻለሽ፤ ጠላትሽ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ እሱ ይመታል፤ አንቺ ትጠብቂያለሽ።»

«መገናኛ ታክሲ ተሰልፈሽ ማለት ነው!» ይላል ኡርጌሳ ከሶፋው ሆኖ።

«ሰልፍ አይደለም፣ ሥነ ሥርዓት ነው!»

ከዚያ የሚያቆመው የለም። ሁለተኛው ላይ ውጊያው አይጠብቅም፤ ግን አንድ ቁልፍ ስትነካ ሁሉም ባለበት ይደርቃል፤ አስበህ፣ ጓደኞችህን አዝዘህ፣ መልሰህ ትለቀዋለህ። ሦስተኛው ላይ ማድረቅ የለም፤ ጀግናህ ትንፋሽ አለው፤ ሰይፍ ባወዛወዘ ቁጥር ይደክማል፤ ትንፋሹን ያልቆጠበ ይሞታል። ለይሕደጎ ዓለም የተሟላችው እዚህ ላይ ነው። አራተኛው ቁልፍ መደብደብ ብቻ ነው፤ የኡርጌሳ ነፍስ ግን እሱ ነው፤ ሁለቱ አውራ ጣቶቹ ሲሮጡ ዓይን አይከተላቸውም። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ስለሚጮኹ ሄሊና እስካሁን አልገባትም።

ይህ ሰው ስፍራ አይመርጥም። የአክስቱ ልጅ ሲያገባ ሚዜ ሆኖ፣ ሽማግሌዎቹ ምርቃት ሊጀምሩ ሲሉ የሙሽራዋን አጎት ጥግ ይዞ ስለ ትንፋሽ ቁጠባ ሲያስረዳ ተገኝቷል። ሳል ይዟት ፋርማሲው የገባች ሴት ሽሮፑን ይዛ ስትወጣ ዘንዶ ከክንፉ በታች እንደሚወጋ ዐውቃ ነው። የኡርጌሳን እናት ወይዘሮ ሸዋዬን ሳይቀር አስተምሯል። እሳቸው አንድ ከሰዓት ሙሉ አንደኛውን በጸጥታ ሲያዩ ቆይተው፣

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼ ጠላት ለምንድን ነው ቆሞ የሚጠብቀው?» አሉት።

«ተራው ስላልደረሰ ነው እማማ።»

«አይ፣ ጨዋ ነው። የማን ልጅ ይሆን?» አሉ። ይሕደጎ ይህን እንደ ምስክርነት ወስዶ ለወራት ሲጠቅሰው ኖረ።

እንዲህ እያሉ ባለፈው ክረምት ኡርጌሳ ወደቀ። ቀያሽ ነው፤ ለሚ ኩራ አንድ ሕንፃ ላይ ሲለካ የቆመበት የእንጨት መወጣጫ ከዳው። ነፍሱ ተረፈች፤ አጥንቱም ተገጠመ፤ ቀኝ እጁ ግን ከክርኑ በታች አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ «ነርቩ ተጎድቷል እንጂ አልተበጠሰም፤ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል» አላቸው። ኡርጌሳ የሰማው «ጊዜ ግን ይፈልጋል» የሚለውን ብቻ ይመስል ነበር። ቤት ገብቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሄሊና ስታጎርሰው ይጎርሳል፤ ስትጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል። የታዘዘለትን የጣት እንቅስቃሴም ተወው። ጠያቂው ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ እጁን እንዳያይ መጋረጃውን ሲያይ ቆይቶ ይሄዳል።

ይሕደጎ መጣ። ብርቱካን አልያዘም፤ መጋረጃም አላየም። ተቀምጦ፣ «ስማ፣ አምስተኛውን እንደገና ጀመርኩት፤ ጋሻ ማንሻዋ ቅጽበት ላይ ያልተስማማነው ነገር አለ» አለ።

ሄሊና ክንዱን ይዛ ኮሪደር አወጣችው።

«ይሕደጎ፣ እጁን አታይም? በዚያ እጅ ምን ሊያነሳ ነው? ሁለተኛ እዚህ ቤት ጌም የሚል ቃል እንዳልሰማ።»

ሊቀ ሊቃውንት ይሕደጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳያነጻጽር ወደ በሩ ዞረ። ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ሄሊናም በሩን ዘግታ እዚያው ቆማ አለቀሰች፤ የተናደደችው በእሱ እንዳልነበር ታውቀዋለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ይሕደጎ ቦርሳ አቅፎ ቆሟል። ሄሊና አፏን ሳትከፍት ቀደማት።

«ገብቶኛል ያልሽው። ግን አስቤበት ነው የመጣሁት። አንደኛውን ነው ያመጣሁት፤ አንደኛው ላይ ማንም አያጣድፈውም። አንድ ቀን ሙሉ ቢያስብ ጠላቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። በግራ እጁ ብቻ ይሆናል፤ ቤቴ ቀኝ እጄን ኪሴ ከትቼ ሞክሬዋለሁ። ዘንዶውን ገድያለሁ።»

ሄሊና ከበሩ ዞር አለችለት።

ይሕደጎ ፕሌይስቴሽኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ፤ ጆይስቲኩን ትራስ ላይ አድርጎ ኡርጌሳ ጭን ላይ አስቀመጠው። ኡርጌሳ ቁልቁል አየው።

«አልጫወትም።»

«ለምን?»

«ይኼ ሰልፍ ነው እንጂ ውጊያ አይደለም!»

ሄሊና ወጥ ቤት ሆና ሰማችው። ባሏ ከወደቀበት ቀን ወዲህ ድምፁ ከፍ ሲል የመጀመሪያው ነበር። ማማሰያውን እንደያዘች ደረቀች።

«ሰልፍም ከሆነ ተሰለፍ! ተጫውተህ የማታውቀውን ጌም ዐሥር ዓመት ሙሉ ስትሰድብብኝ ኖረሃል!»

ከዚያ የሰይፍ ድምፅ መጣ። አንድ ምት። ረጅም ዝምታ። ሌላ ምት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ብቻ መሆኑ ቀረ። ይሕደጎ ፋርማሲውን ለረዳቱ እየተወ በሳምንት ሦስቴም አራቴም ብቅ ይላል። ኡርጌሳ አንደኛውን በግራ እጁ እየተሳደበ ጨረሰው። ቀኝ እጁን ትራሱ ላይ ማሳረፍ ጀመረ፤ ቀጥሎም ጠቋሚ ጣቱ ቁልፍ ላይ መዋል ጀመረች፤ የታዘዘለትን እንቅስቃሴም ሄሊና ሳትለምነው ይሠራ ጀመር። ሁለተኛው ላይ ውጊያውን እያደረቀ፣ ጣቱን አሳርፎ፣ እንደገና እየለቀቀ ገፋ።

ወደ ሦስተኛው ግን ቸኮለ። ሦስተኛው አይምርም። ያቺ ቀኝ አውራ ጣት ዘገየች፤ ጀግናው ሞተ፤ እንደገና ሞተ፤ ገና ከመጀመሪያው በር ሳያልፍ ሞተ። ኡርጌሳ ጆይስቲኩን ግድግዳው ላይ ወረወረው።

«በቃ! አልድንም፤ ልኑርበት!»

ሄሊና እየሮጠች መጥታ በር ላይ ቆመች። ይሕደጎ ጆይስቲኩን አንስቶ በሸሚዙ ጠረገውና በረጅሙ ተነፈሰ።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለ። «ሦስተኛው እኮ ድሮም ዝባዝንኬ ነው። ትንፋሽ ቁጠባ ምናምን ያልኩት እኔ ነኝ ያጋነንኩት። በደንብ የተሠራ ጌም አይደለም። አንተ ደህና ነህ፤ ጥፋቱ የጌሙ ነው።»

ኡርጌሳ ቀና ብሎ አየው። ሄሊናም አየችው። በሠርግ፣ በፋርማሲ፣ በታክሲ የተሰበከውን ሃይማኖት ሰውየው በአንድ አፍታ ካደው፤ ለዚያውም ጆሮው እስኪቀላ ድረስ እየዋሸ። ኡርጌሳ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ ሆዱን በሁለቱም እጆቹ ይዞ ሳቀ።

«ውሸታም! ሁለተኛውን መልሰህ ክፈት» አለ።

በጋው ሲያልቅ ኡርጌሳ ለግማሽ ቀን ሥራ ገባ። ጽሕፈቱ እንደ ልጅ ጽሕፈት የተንጋደደ ነው፤ ግን በቀኙ ነው የሚጽፈው። ሐኪሙም «የቀረው እየተመለሰ ይሄዳል» ብሎ ጨበጠው፤ ቀኝ እጁን።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ይሕደጎ አልመጣም። በቀጣዩም ቀረ። ኡርጌሳ ሲደውልለት «ሥራ በዝቶ ነው» አለው። ሄሊና ግን ነገሩ ገብቷታል፤ ያኔ ኮሪደር ላይ ያለችውን አልረሳም፤ ኡርጌሳ ከዳነ ወዲህ የመምጫ ሰበብ ያጣ መስሎታል። ቤቱ ጸጥ አለ። ድሮ የተመኘችው ጸጥታ ነበር፤ አሁን ቢመጣላት ግን አልጣማትም፤ ጆሮዋ ኮሪደሩ ላይ ነው። ስልኳን አነሳች።

«ይሕደጎ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ከአምስቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው።»

ወዲያ ማዶ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«በምን አስረጅ?»

«በስልክ አላስረዳም።»

«ሄሊና፣ ሁለተኛው ጥሩ ነው፤ ይበልጣል ግን አይባልም! ተጫውተሽዋል?»

«አንድም ቀን።»

«ሳትጫወቺ! ስሚ፣ ኡርጌሳ ቤት አለ? እሱም በዚህ ይስማማል? የትም እንዳትሄዱ፣ መጣሁ!»

ሄሊና ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤት ገባችና ሽንኩርት ጨመረች። ትንሽ ቆይቶ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። በሩን ስትከፍት ይሕደጎ እያለከለከ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣ አንድ እግሩን ከጫማው እያወጣ ነበር።