የኢምራን ገንፎ

በቤት ውስጥ አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ፣ ቤተሰቡ ሐኪም፣ ጠበቃና ቴሌቪዥን ጠጋኝ በአንድ ላይ ያገኘ ይመስለዋል። እናንተም ቤት ይህ ሰው አይጠፋም። አሰላ፣ እኛ ቤት፣ እኔ ነኝ። የተማርኩት ታሪክ ነው፤ ማን ይጠይቃል?

ስለዚህ ሐኪም አባባን «ቅቤና ጮማ ይቀንሱ» ሲላቸው፣ ማስፈጸሙ ለእኔ ተሰጠ። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ ማድ ቤት ውስጥ ግን አዋጅ አወጣሁ። ቅቤ ከቤት ጠፋ። ወተቱ እንኳ ስልባቦቱ እየተገፈፈ ይቀርብ ጀመር፤ ለአባባም፣ ለእህቴ ለዘይነባም፣ ለዓመት ከመንፈቅ ልጇ ለኢምራንም። ፍትሕ መስሎኝ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ጤና ጣቢያ ሲመዘን፣ የኢምራን ክብደት ባለበት ቆሟል። ነርሷ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ነገር የማታለባብስ ሴት ናት። «ሕፃን እኮ ሽማግሌ አይደለም። አእምሮውም ሰውነቱም እንዲያድግ ቅባት ይፈልጋል። በሚቀጥለው ወር ካልጨመረ ሆስፒታል እልከዋለሁ» አለች። ዘይነባ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢምራን የገብስ ገንፎ መሃሉ ተጎድጉዶ፣ ቅቤ ተሞልቶበት ይቀርባል። አባባም ተለወጡ። ልጅ አጉርሰው የማያውቁ ሰው «እናንተ ትቸኩላላችሁ፤ እኔ በእርጋታ ላብላው» ብለው ሳህኑን ተረከቡ። ሳህኑ ተጠርጎ ይመለሳል። አያትነት ሰውን እንዴት እንደሚያለሰልስ እያሰብኩ ልቤ ተነካ።

ወሩ ሞላ። ኢምራን ሚዛኑ ላይ ያው ነው። ነርሷ ወደ ሆስፒታል የሚላክበትን ወረቀት ስትስብ ዘይነባ ማልቀስ ጀመረች።

«ቆይ ልጄ፣ አትጻፊ» አሉ አብረውን የመጡት አባባ፣ በሩን በሩን እያዩ። «ገንፎውን ለሁለት ነው የምንበላው።»

«እኩል?» አለች ነርሷ።

«እኩል ነው፣ ወላሂ። እሱ ዳር ዳሩን፣ እኔ መሃል መሃሉን።»

ነርሷ ወረቀቱን መለሰች፤ የሁለት ሳምንት ጊዜም ሰጠችን። ከዚያ የደም ግፊት መለኪያውን አነሳች። «እጅጌዎን ይሰብስቡ፣ አባባ።»

አሁን ሁለት ሳህን ነው የሚቀርበው፦ የኢምራን ባለቅቤ፣ የአባባ ደረቅ። እኔ መሃላቸው እቀመጣለሁ። የኢምራን የክብደት መከታተያ ካርድ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ይዟል፣ አልሐምዱሊላህ። ልጁ ጉልበት አግኝቶ ማንኪያ በራሱ መያዝ ጀምሯል። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ታዲያ ከመሃል ዝቆ፣ ቅቤዋ እየተንጠባጠበ፣ ወደ አያቱ አፍ ይዘረጋታል። አባባ እኔን ያዩኛል፤ «ልጅ ማሳዘን ነውር ነው» ይላሉ፤ አፋቸውን ይከፍታሉ።