ክብርት ወይዘሮ ብሉልኝ እና የተራቡት ባክቴሪያዎች

ሰው ሁሉ ጦሙን የዋለ የሚመስላት ሴት የሌለችበት መሥሪያ ቤት ከፀሐይ በታች የለም። በዚህ ላቦራቶሪ ያሉት አንጋፋዋ ቴክኒሺያን ናቸው፤ የወጣላቸው ስም ተረስቶ «ክብርት ወይዘሮ ብሉልኝ» ሆነው ቀርተዋል።

የመስኮቱን አበባ ውኃ አጠጥተው አጠጥተው ሥሩን አበስብሰው ቀብረውታል። የግቢዋ ድመት በእሳቸው እጅ ከመወፈሯ የተነሳ አይጥ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። አንዴማ የክፍሉ ኃላፊ ስለ ሥራ ዲሲፕሊን በቁጣ ሲናገር እጃቸውን አውጥተው፣ «አንተ ልጅ፣ ጉንጭህን ምን በላው? ቁጣው ይደርሳል፤ እስቲ መጀመሪያ ቅመስ!» አሉት። ስብሰባው በብስኩት ተዘጋ።

ታዲያ ዕጣ ስትቀልድ፣ እኚህን ሴት ሥራዋ ማስራብ ከሆነ ወጣት ተመራማሪ ጋር አጣመረቻቸው። ልጅቷ የምታሳድጋቸው ባክቴሪያዎች ዘይትና ውኃን የሚያስታርቅ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። አንድ የቅባት ፋብሪካ ፈልጎታል። ናሙናው ዘይቱን ይዞ ከቆየ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልያዘ ብልቃጦቹ ታጥበው ለሌላ ሰው ይሰጣሉ፣ የልጅቷም ሕልም አብሮ ይታጠባል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ባክቴሪያዎቹ እልፍ ሆነው ብልቃጡን አደፍርሰውታል፤ ፈሳሹን ከዘይት ጋር ስትነቀንቀው ግን ዘይቱ እንዳኮረፈ ባል ተነጥሎ ለብቻው ከላይ ተኛ። ሙቀቱን ፈተሸች፣ ደህና ነው። መነቅነቂያውን ፈተሸች፣ ደህና ነው። በመጨረሻ ራሷን ጠርጥራ እንባዋ መጣ።

«ምነው የኔ እናት?» አሉ ወይዘሮ ብሉልኝ። «ልጆቹ እንደሆኑ አምሮባቸዋል። እኔ እኮ የናይትሮጅን ምግባቸውን ሰስተሽባቸው ሳይ አንጀቴ አልችል ቢለኝ፣ በንጽሕናው፣ በሥርዓቱ፣ ትንሽ ጣል አደረግሁላቸው።»

ልጅቷ እንባዋ ደረቀ። «እትዬ! ናይትሮጅኑ ሲያልቅባቸው እኮ ነው መባዛቱን ትተው አስታራቂውን የሚሠሩት! ለጉልበት የሚበሉት ዘይት አለላቸው፤ ናይትሮጅን ከጨመሩላቸው ግን ምግብ አጥተው ሲራቡ ሳይሆን ሲራቡ... ማለቴ፣ ሲዋለዱ ነው የሚውሉት!»

«ወይ ጉድ! ልክ እንደኔ ወንድ ልጅ በይኛ፤ እቤቴ ሳለ አንድ ሳህን አላነሳም።» ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። «በድዬሻለሁ፣ ልጄ።»

ለአንድ ሙከራ ብቻ ጊዜ ቀርቶ ነበር። ኃላፊው «በቁልፍ ዝጊባቸው» ብሎ መከራት። እሷ ግን እሳቸውን እንደ ሌባ ቆጥራ ቁልፉን ከማዞር ይልቅ ሥራዋን ማጣት ቀለላት፤ ብልቃጦቹ ያሉበት ባለመስተዋት ሳጥን ሳይቆለፍ ቀረ።

ወይዘሮ ብሉልኝ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወትፈው ከሳጥኑ መስተዋት ፊት ይቆማሉ። የሚወዛወዙትን ብልቃጦች እያዩ፣ እንደ ሕፃን ማባበያ በለሆሳስ ያንጎራጉራሉ፦

«ባዶ እጄን ብመጣ፣ አትቀየሙኝ፤
ሆዴስ ባብቷልና፣ እንዲያው እመኑኝ።»

ዜማው ብቻውን ድንጋይ ያባባ ነበር። እጃቸው ግን ከብብታቸው አልወጣም።

የፋብሪካው ሰው መጥቶ ናሙናውን ከዘይት ጋር ነቀነቀው፤ ጠርሙሱ እንደ ወተት ነጣ። አስቀምጠው ጠበቁ። ዘይቱ ንቅንቅ አላለም። ሰውዬው ጠርሙሱን ገልብጦ አየና፣ «ቀጥሉ!» አለ። ላቦራቶሪው በእልልታ ተናወጠ።

ችግሩ ወይዘሮ ብሉልኝ ሳይንሱን ከልባቸው መቀበላቸው ነው። ከዚያን ቀን ወዲያ የምሳ ዕቃቸውን ዘግተው ኮስተር ብለው ያልፋሉ። «ጥጋብ ሥራ ያስፈታል» ይላሉ። ኃላፊው ከሳ። ድመቷ ሳትወድ አይጥ ማሳደድ ጀመረች። ልጅቷም ውጤቷን ስትጽፍ ሆዷ ጮኸ፤ ከሆዷ ይልቅ ግን ያቺ ጥያቄ ናፈቀቻት። ሰው አጠገቧ ቆሞ «በልተሻል?» የሚላት ሳይኖር መዋል እንዴት ያለ ብርድ ኖሯል!

«እትዬ!» ብላ ጠራቻቸው። «እኔ እኮ ባክቴሪያ አይደለሁም።»

ወይዘሮ ብሉልኝ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ የምሳ ዕቃቸውን ክዳን እየከፈቱ ወንበር ሳቡ፤ «እስከዛሬ ምን ይዞሽ ነው ያልተናገርሽው? ብይ፣ ብይልኝ!»