ለደከመ ላፕቶፕ የታዘዘ ሊኑክስ

ሳይጠየቅ መድኃኒት ከሚያዝ ሰው የባሰ አለ ወይ ብትሉኝ፣ አለ። ሳይጠየቅ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። መድኃኒት አዛዡ ቢያንስ «ዳማ ከሴ አሽተህ ጠጣበት» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። የኮምፒውተሩ ግን አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ማሽኑን ወደ ራሱ ይስባል፤ «ማነው እንዲህ ያበላሸው?» ብሎም ይቆጣል። ጎንደር ላይ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው «ተወኝ» ማለት ነውር ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለብን። ሰው ልርዳህ ብሎ እጁን ከዘረጋ፣ እጁ ላይ እሳት ይዞ ቢመጣ እንኳ አመስግነን እንቀበለዋለን።

ያ ሰው እንግዲህ እኔ ነኝ። ማራኪ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ኮምፒውተር ክፍል እሠራለሁ። ከሥራዬ ውጭ ደግሞ መልካቸውን አይቼ የማላውቃቸው ሰዎች የሚሠሩትን ሲስተም በነፃ እሞክርላቸዋለሁ። ሊኑክስ ከሚባለው ወገን ነው፤ አሮጌና አቅመ ደካማ ኮምፒውተር እንዲሸከመው ተብሎ እጅግ ቀልሎ የተሠራ። ሰሞኑን ሰዎቹ አዲስ መጫኛ አወጡ፤ ሲስተሙን ኮምፒውተሩ ላይ የሚያሰፍረው ፕሮግራም ማለት ነው። «እባካችሁ አሮጌ ማሽን ላይ ሞክሩልንና ስህተት ካገኛችሁ ጻፉልን» አሉ። አሮጌ ማሽን ከየት ይምጣ? የእኔ ላፕቶፕ ባለፈው ወር ሌላ ነገር ስሞክርበት እንዳሸለበ ነው። ባለቤቴ የራሷን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ትዳራችን የጸናውም በዚሁ ይመስለኛል።

በዚህ መሀል ዘይነባ ደወለች። ዘይነባ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ ሰዒድ ልጅ ናት። ሐጂና አባቴ የድሮ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ልጅቷን ያወቅኋት በእናቷ ጀርባ ላይ ሳለች ነው። አምና ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ የቆየች ሲሆን፣ የዚያን ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አንድ የውጭ ድርጅት በኢንተርኔት ሊፈትናት ቀጠሮ ሰጥቷታል። ሥራው ቤት ተቀምጦ ኮምፒውተር ለተበላሸባቸው ደንበኞች መልስ መስጠት ነው። ካለፈች እዚሁ ከአባቷ ጎን ትሆናለች። ካላለፈች አዲስ አበባ አጎቷ ዘንድ ሄዳ ሥራ ልትፈልግ ተቆርጧል። እናቷ ካረፉ ወዲህ ደግሞ ሐጂን ቤት የሚጠብቃቸው ሌላ ሰው የለም።

ላፕቶፗ ለመከፈት ዘመን ይፈጅባታል። እና ምን አለችኝ? «ጋሼ፣ አቧራውን ብቻ ብታራግፍልኝ።» አቧራውን ብቻ። እኔ ግን ሱቁ ውስጥ ገብቼ ያንን አሮጌ ላፕቶፕ ሳይ፣ የተላከልኝ መስሎ ተሰማኝ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ስጪኝና እንደ ፈረስ ይጋልብልሻል አልኳት። «ዛሬ እንኳ…» ብላ ጀመረች፤ የቀረው ይሉኝታ ሆኖባት አፏ ውስጥ ቀረ። ፋይሎቿን በፍላሽ ገለበጥኩና የድሮውን ሲስተም ጠራርጌ አጠፋሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አባቶች፤ እኔ የሚለቀምም አላስተረፍኩም።

ላፕቶፑ ሰዓቱን የምትጠብቅለት ትንሽ ባትሪ ሞታበታለችና፣ መጫኛውን ከያዘው ፍላሽ ገና ሲነሳ ቀኑ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ልክ በዚያች ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። እኔ ስልክ ላወራ ወደ በረንዳ ስወጣ፣ ሐጂን የሚጠይቅዎትን ይሙሉለት አልኳቸው። መነጽራቸውን አጠለቁና በአንድ ጣት፣ ቀስ አድርገው ሞሉለት። ተመልሼ መጫኛውን አስጀመርኩ።

መጫኛው ፋይሎቹን ከኢንተርኔት ላምጣ ብሎ ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። «የላኪው ማረጋገጫ ገና አልጸናም» ብሎም ጻፈልኝ። ገና? ሰው አምጣ ያሉትን ሳያመጣ ሲቀር እንዲህ ያለ ምክንያት ያቀርባል? እንደገና ላክሁት፤ እንደገና ያንኑ። ኔትወርኩን ረገምኩ። ከሐጂ ስልክ ወደ ዘይነባ ስልክ አዞርኩት። ላፕቶፑን ታቅፌ ከባንኮኒው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መንገዱ ዳር ወጣሁ፤ አላፊ አግዳሚው የምሸጠው መስሎት ዋጋ ጠየቀኝ። በባጃጅ ማራኪ ደርሼ ሌላ ፍላሽ አመጣሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

በመጨረሻ ብስጭቴ ጫፍ ደረሰና ለሠሪዎቹ ጻፍኩላቸው። መመሪያችሁን አንድ በአንድ ተከትያለሁ፤ በእኔ በኩል የጎደለ የለም፤ ጥፋቱ የመጫኛችሁ ነው፤ ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ ብትሞክሩት ምን ነበረበት አልኩ። ሐጂ እያዩኝ «ምነው ልጄ፣ ከማሽን ጋር ትጣላለህ እንዴ?» አሉኝ። ዘይነባ ግን የስልኳን ሰዓት ደጋግማ ታያለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ልጅቷ ስልኳን አወጣች፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠች፣ በዚያች ጠባብ መስታወት ላይ በሁለት አውራ ጣቷ ፈተናውን ጀመረች። ሐጂ ገበያተኛ እንዳይገባ በሩ ላይ ቆሙ። እኔ እዚያው አፍሬ ተኮራምቻለሁ። አንድ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ለራሷ ድምፅ አውጥታ አነበበችው። አንድ ደንበኛ ኢንተርኔቱ እየሠራ፣ ኮምፒውተሩ የሚልኩለትን ሁሉ «ማረጋገጫው አልጸናም» እያለ እንቢ ቢለው፣ መጀመሪያ ምን ትመክሪዋለሽ?

ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «አጥፍቶ እንደገና ይጫን በይው» አልኳት። ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ «የኮምፒውተሩን ቀን እንዲያይ በትህትና እጠይቀዋለሁ» ብላ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስም ዓይኗን ወደ ላፕቶፑ አነሳች። እኔም አየሁ። ጥግ ላይ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ይላል።

ሐጂ ግራ ገባቸው። «ቀን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ልዋሸው ኖሯል?»

አልዋሹትም። እኛ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ላይ ነን። ኮምፒውተር ግን የሚኖረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ምስኪኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ቁጭ ብሏል። የላኪዎቹ ማረጋገጫ ደግሞ የተሰጠው ዘንድሮ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ የሚሰጥ መታወቂያ ይዞ የመጣን ሰው የትኛው ዘበኛ ያስገባል? የድሮው ሲስተሟ ቢኖር ቀኑን ራሱ ከኢንተርኔት ያስተካክል ነበር፤ እሱን ደግሞ እኔ ጠርጌዋለሁ። ቀኑን ቀየርኩና መጫኛው ልክ በግማሽ ሰዓት ሥራውን ጨረሰ። እንዳልኩት ነው ብል የሚሰማኝ አልነበረም። ዘይነባ ፈተናዋን ልካ፣ ጣቶቿን እያሸች ነበር።

አለፈች። አሁን ሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተቀምጣ፣ በገዛ እጃቸው ያበላሹትን ይዘው «ጥፋቱ የእናንተ ነው» እያሉ ለሚጽፉ ቁጡ ሰዎች በትዕግሥት ትመልሳለች። ሐጂ ደስታቸው ወሰን የለውም። ፒያሳ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ ሰው ሰብስበው ትከሻዬን ይይዙና ከልባቸው ያመሰግኑኛል። «ያሬድ እኮ ሸጋ ልጅ ነው፤ አላህ ይስጠው» ይላሉ። «ፈተናው ሳይደርስ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ እንደ ደንበኛ እየሆነላት ሲያለማምዳት ዋለ።»