በባልዲ ያደረው ውኃ ዜና መዋዕል

ንጹሕ ውኃ ዓሣን እንዴት ይገድላል? ይህ ጥያቄ ለእመ አሐቲ፣ ለአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ ለመስተዋቱ ገንዳ ጠባቂት፣ ፊደል በቆጠረች በሁለተኛው ዓመት፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ በተቀየረ በሦስተኛው ወር፣ በዕለተ ማክሰኞ ከሁለት ሙት ዓሦች ቀረበላት።

ልጅቱ በሩቅ ከተማ በመድኃኒት ቤት ሥራ አግኝታ ሰኞ ልትገባ ነበርና፣ በሳሎኑ ያሉትን ሰባት ዓሦች ለእናቷ አደራ ልትሰጥ፣ ለሙከራም በማቀዝቀዣው በር ላይ ትእዛዝ ለጠፈች፤ እንዲህ የሚል፦ «የቧንቧ ውኃ በባልዲ፣ ሳይከደን፣ ይደር።» እመ አሐቲ ግን በጣቷ እየተከተለች ስታነብ የ«ደ»ን አንድ እግር አስረዝማ «ይዳር» አለች። ውኃ ለማን ይዳራል ብላ ተጨነቀች፤ በኋላም አዲሱ ለአሮጌው የሚዳር መሰላት፤ ልጇ የተማረች ናትና አነጋገሯ እንዲህ ነው ብላ፣ አንድ ባልዲ ሙሉ ከቧንቧው እንደ ወረደ ዳረችው። በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ ከሰባቱ ሁለቱ ዓሦች ሞተው፣ ተገልብጠው ተገኙ።

ያን ጊዜ ልጅቱ በኮሪደሩ ቆማ አዋጅ ነገረች፦ «እማዬ፣ የቀሩት አምስቱ ደህና ካልሆኑ የትም አልሄድም! ሥራው ጥንቅር ይበል!»

የእመ አሐቲም ልብ በስውር ደስ አለው፤ ይህ አይሸሸግም።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ ከዚህም በኋላ፣ ረቡዕ ወረቀቱን ደግማ አነበበች፤ ፊደሉም እግሩ እኩል ሆኖ ተገኘ። ልጅቱ እየሳቀችም እያለቀሰችም አስረዳቻት፦ ለሰው ጤና ተብሎ በቧንቧ ውኃ የሚጨመረው ክሎሪን የዓሣን መተንፈሻ ያቃጥላል፤ ውኃው ተከፍቶ ሲያድር ግን ተንኖ ይወጣል።

እመ አሐቲ ዓርብ ከሰዓት ዘመተች፤ የተከተሏትም ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ነጭ ባልዲ፣ የጎማ ቱቦ፣ ቴርሞሜትር፣ አሮጌ ፎጣ፣ ለጥንቃቄም የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ነበሩ፤ የጠብታውንም ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበበች፣ ለአሥር ሊትር ሁለት፣ ለአሥር ሊትር ሁለት እያለች። ባልዲውንም ከቧንቧው ሞልታ፣ ጠብታውን ጨምራ፣ ሳትከድን እንዲያድር አስቀመጠችው። ከዚያም አወጀች፦ «ይህን ባልዲ የነካ፣ ሳሙናም ያስጠጋበት፣ ነገሩ ከእኔ ጋር ነው!»

ባሏም ከመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ አጸፋውን አወጀ፦ «ሴትዮ፣ እኔ እግሬን በምን ልታጠብ? ለዓሣ ባልዲ፣ ለባል ጣሳ?»

እርሷም ደነገገች፦ «አዎ፣ በጣሳ!»

ባልዲውን ብትደፋው፣ ወይም ሳሙና ጠብ ብታደርግበት፣ ልጅቱ ትቀር ነበር። ይህን አሰበችው፤ ሁለት ጊዜም እስከ ባልዲው ሄዳ ተመለሰች። አልደፋችውም፤ አልነካችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ቴርሞሜትሩን በባልዲውም በገንዳውም ነከረች፤ ሙቀታቸው አንድ ሆነ። ከገንዳው ሩብ ያህሉን በቱቦ ቀዳች፤ ያደረውን ውኃ በኩባያ፣ ቀስ እያለች መለሰች፤ ባሏም ፎጣ ይዞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆመ። እሑድ ዓሦቹ ሁሉ ለምግብ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ወጡ።

እነሆ እመ አሐቲ፣ «ደ»ን ከ«ዳ» የለየች፣ ክሎሪንን በትዕግሥት ያስወጣች፣ ባሏን በጣሳ ያሳጠበች፣ ከሠፈሩ እናቶች ሁሉ በባልዲ የምትበልጥ! ክብሯ በየቧንቧው አፍ ይነገር!

አምስቱ ዓሦች ቀሩ። ልጅቱ በእሑድ አውቶቡስ ሄደች።