ጃርት በዓል አያከብርም

በየደብሩ፣ ሰው ዶማ ሲያነሣ ከየትም ብቅ ብሎ «ዛሬ እኮ በዓል ነው!» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ደብር ያለ ካህን ጥቂት ሊቆይ ይችል ይሆናል፤ ያለዚህ ሰው ግን አንድ ቀን አይውልም።

በደብረ ታቦር ዳር ባለች አንዲት ደብር ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አያ ይሻው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። ለጠበል የሚመጣ እንግዳ ጦሙን እንዳያድር ተብሎ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ድንችና ጎመን ሲተከል፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው አጥሩ ሥር ቆሙ፤ እንደቆሙ ቀሩ።

መከራውን ያየችው ዓለሚቱ ናት። «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለው ወንጌል በተነበበበት እሑድ «መቀበሉስ ደግ፣ ምን እናበላቸዋለን?» ብላ መምሬ አዳነን የጠየቀችው እሷ፤ ድንቹን የተከለችውም እሷ። በጥቅምት ድንቹ ደረሰና ዶማዋን ይዛ መጣች።

«ቆይ! ዛሬ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉ አያ ይሻው።

አቦ ነበር። ከዚያ ሥላሴ፣ ከዚያ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል። በመሐሉ ባዶ ቀን ስታገኝ «የነገው ዋዜማ ነው» ይሏታል። ዋዜማም ሲጠፋ «ሐሙሲት ከተማ ዛሬ ታቦት ወጥቷል» አሏት።

«ሐሙሲት ምናችን ነው፣ አያ ይሻው?»

«ታቦት ድንበር አለው እንዴ?»

መምሬ አዳነ ራሳቸው «ለድኻ የሚሠራ ሥራ በዓል አይሽርም» ቢሉ፣ አያ ይሻው «አባ፣ እርስዎ ደግሞ ልብዎ ገር ነው» ብለው ካህኑን በጽድቅ ቀደሟቸው። ጓሮውን እንዲያለማ የተመረጠው የአትክልት ኮሚቴም አልተከራከረም። ጎንበስ ብሎ ከመቆፈር በዓል ማክበር ይቀላል፤ አባላቱ ስሙን የማያውቁትን ቅዱስ ሳይቀር በየቤታቸው ተኝተው አከበሩት።

ያላከበረው ጃርት ብቻ ነው። ዓለሚቱ በየጧቱ የተጫረ አፈርና ግማሹ የተበላ ድንች ታገኛለች።

«ጃርቱንም ይከልክሉልኛ!»

«እሱ አልተጠመቀም» አሏት።

ኅዳር ሃያ አንድ፣ በጽዮን ማርያም ዕለት፣ ቅዳሴ ሲወጣ ከእብናት በኩል አንድ መኪና ሙሉ ጠበልተኛ ደረሰ። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው አድረዋል፤ ስንቃቸው አልቋል። ከየቤቱ የመጣው እንጀራ ግማሾቹን እንኳ አላዳረሰም። እንጀራው ካልደረሳቸው አንዷ የሆኑ አሮጊት አጥሩን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዓለሚቱ ዶማዋን አነሣች። ዛሬስ የመጣው ይምጣ ብላለች።

«ጣይው!» ብለው ጮኹ አያ ይሻው።

«አልጥልም! እኒህ ሴትዮ እኮ…»

አላስጨረሷትም። ጋቢያቸውን አጥሩ ላይ ወርውረው ገቡ፤ ተንበርክከውም መሬቱን በጣታቸው ይቧጥጡ ጀመር። የኅዳር መሬት ደርቋል፤ ጥፍራቸው ደማ።

«የተከለከለው ብረት ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ጣት ብረት አይደለም። እመቤቴ ታውቃለች።» ጥቂት ቆፍረው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካልሆነም ይቅር ትበለኝ።»

ከጃርት የተረፈው ድንች ተቀቀለ። አሮጊቷ ትኩሱን እየላጡ «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» ሲሏቸው፣ አያ ይሻው ጋቢያቸውን ከአጥሩ ላይ አንሥተው የደሙ ጣቶቻቸውን ሸሸጉበት። ዓለሚቱ እኒህን ሰው እንደምትወዳቸው የገባት ያን ጊዜ ነው፤ ገብቷትም ተናደደች።

በማግሥቱ ጧት ዶማዋን ይዛ መጣች። ጠበልተኞቹ ገና አልሄዱም። አያ ይሻው ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከቦታቸው ቆመዋል።

«ቆይ! ዛሬ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ዑራኤል» አለች። ዶማውን አጥሩ ላይ አስደግፋ ዐሥር ጣቶቿን ዘርግታ አሳየቻቸው።

አያ ይሻው ጣቶቿን አንድ በአንድ መረመሩ።

«ቀለበትሽን አውልቂ» አሉና ተንበርክከው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።